የአባቴ መቀነት

የበደለኝ መምህር ኃይለ ነው፤ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያጣመረው ፌዴሬሽን ከፈረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ አስመራ ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ። ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ለተብርሃን መጥታ መሞቱን ነገረችኝ።

"የአገራችንን የጦርነት ታሪክ መጀመሪያ ለእንግዳ ያሳየ እሱ አይደል? ነጠላሽን ልበሺና ለቅሶ እንሂድ።"

አሳይቷል፣ እውነት ነው።

ያኔ ከአዲስ አበባ ሹማምንት፣ ከቃኘው የጦር ሰፈር ደግሞ አሜሪካኖች ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ሆነ። መምህር ኃይለ እንግሊዝ ጣሊያንን ድል ያደረገበትን የከረን ውጊያ በቲያትር እናሳያቸው አለ። አባቴ አስካሪ፣ የጣሊያን ጦር ኤርትራዊ ወታደር፣ ሆኖ ከረን ላይ ቆስሎ፣ በዚያው ቁስል ሲሰቃይ ኖሮ፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞተ። ቀይ ታርቡሽ ቆቡና የወገብ መቀነቱ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

"አምጪልኝ፣ ጓለይ። አባትሽን በክብር ነው የማስነሳው" አለኝ።

እናቴ መቀነቱን ዳሰስ አድርጋ "ይመለሳል?" አለች።

"እወ፣ አደይ፤ ይመለሳል" አልኳት።

ዕለቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢ ይሸታል፤ እናቴም ከወላጆች ጋር ተቀምጣለች። የከረን ተራራ ከጆንያ ተሠርቷል። መጋረጃው ሲገለጥ የአባቴን ታርቡሽ ያጠለቀ ተማሪ በእንብርክኩ እየዳኸ ወጣ። ሌሎች ተማሪዎች መቀነቱን አንገቱ ላይ አስረው እንደ ውሻ ይጎትቱታል።

"ማሩኝ ጌቶቼ፣ ለፓስታ ብዬ ነው" ይላል።

ሹማምንቱ ሳቁ። አሜሪካኖቹ እነሱን አይተው አጨበጨቡ።

አስካሪዎች በየሻለቃቸው የመቀነታቸው ቀለም ይለያይ ነበር፤ የአስመራ ሽማግሌ ቀለሙን አይቶ ሰውየውን ያውቃል። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አልሳቁም። ዞረው እናቴን አዩ። እኔ መጋረጃው ጥግ ቆሜ እጅ እግሬ ደነዘዘ። እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ሳታይ ወጣች።

ከቲያትሩ በኋላ መምህሩን ሻሂ ሲጠጣ አገኘሁት።

"መምህር፣ በክብር ብለውኝ ነበር።"

"እንግዳ የሚወደውን ነው የምናሳየው። ደግሞ የአባትሽ ስም መቼ ተጠራ?"

"ስም ለማያውቀው ሰው ነው፤ ሽማግሌዎቹ በመቀነቱ አወቁት" አልኩት። ሳቀ።

ዕቃዎቹን ተቀብዬ፣ መቀነቱን አጥቤ ለእናቴ ሰጠኋት። ሳጥኑ ውስጥ ከታ ቆለፈች።

አሁንም ጎብኚዎች ከኋለኛው ጦርነት የተረፉትን የተቃጠሉ ታንኮች ፎቶ ሲያነሱ ሳይ ያው ድንዛዜ ይመለስብኛል። ብረቱ ዘመድ የለውም፤ አባቴ ግን ነበረው።

ለተብርሃንን ሂጂ አልኳት። ነጠላዬን አልለበስኩም። ምስር ለቅሜ ጣድኩ።