ፍርግርግ የሌለበት ግቢ

አቢሶ ፍርግርግ በሌለበት ቦታ ተረጋግቶ መቀመጥ ከተወ ዓመታት አልፈዋል። በተሰደደበት አገር አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቁ፣ ዳቦም ሆነ ሳሙና የሚሸጠው ዘራፊ ፈርቶ በብረት ፍርግርጉ መሀል በተተወች ቀዳዳ ነው። ከባንኮኒው ኋላ እንኳንስ ደንበኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢም ገብተው አያውቁም።

ታዲያ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ልጁ ሩሀማ አንድ ቦታ ልውሰድህ ብላ ወደዚህ ስታመጣው ነገሩ አላማረውም። ድሮ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ የነበረ ግቢ ነው፤ አሁን ሠዓሊና ምግብ ቤት ሞልቶበታል። በጎኑ የሚያልፈው ወንዝ አሌክሳንድራ ሲደርስ ቆሻሻ ተሸክሞ የሚከረፋው ያው ወንዝ ነው። እዚህ ግን ዳር ዳሩን አበባ ተተክሎለት ሰው ወንበር ስቦ ያየዋል። አቢሶ ወንዙንም አላመነውም።

ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ መግቢያውን እያየ ተቀመጠ። አስተናጋጁ እጁን ወደ ሽርጡ ኪስ ሲሰድ አቢሶ ብድግ አለ። የወጣው እስክሪብቶ ነበር።

«አባዬ፣ ሪላክስ» አለችው ሩሀማ።

እንዴት ብሎ ይረጋጋ? እዚህ ግቢ ልጁን የማያውቃት የለም። ዘበኛው በስሟ ጠራት፤ ወጥ ቤቷ ወጥታ አቀፈቻት። አካውንቲንግ የሚማር ሰው እዚህ ምን ይሠራል? እሱ ያን ሁሉ ዘመን ፍርግርግ ውስጥ የተቀመጠው እሷ ቢሮ እንድትቀመጥ ነው። ትምህርቱን ትታው እንደሆነስ? ሲጠይቃት መጀመሪያ ምግቡን እንዲበላ ነገረችው። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው።

ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለው አሮጌ መጋዘን ወሰደችው። ሰው ተሰልፏል። እሷ በጎን በር ስትገባ እሱ ደግሞ ምን ሊሸጡልን ነው እያለ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ተራው ሲደርስ ክው አለ። ከፊቱ የራሱ ስፓዛ ቁርጥ አምሳያ ተሠርቶ ቆሟል፤ የዳቦው መደርደሪያ፣ የሻማው ካርቶን፣ ፍርግርጉ፣ ቀዳዳዋ ሳትቀር። ከላይ «አባቴ» ተብሎ ተጽፏል። ከፍርግርጉ ኋላ ሩሀማ ተቀምጣ ልክ እንደ እሱ ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም። ሰዉ እንደ ሥዕል ቀረብ ብሎ ያያትና ያልፋል።

መጀመሪያ የቀለደችበት መሰለው። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልድ የለበትም። ደንበኞቹ በየቀኑ የሚያዩትን ነገር አንድም ቀን ከውጭ ቆሞ አይቶት አያውቅም ነበር፤ አሁን ልጁ ላይ አየው። እጁን በቀዳዳዋ አስገባ። ያዘችው።

«ትምህርቱን ትቼዋለሁ፣ አባዬ። ሥራዬ ይሄ ጥበብ ነው።»

«ከዚያ ውጪልኝ፣ ልጄ። እዚያ እንዳትቀመጪ ነው የደከምኩት።»

«እኔማ ማታ ሲዘጋ እወጣለሁ» አለችው። «አንተስ?»

አቢሶ ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ረስቶ፣ እጇን እንደያዘ ቆመ።