ግድግዳ የሌለው በር

አዲሱ የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዕድሜውን በትልቅ ኩባንያ የጨረሰ ሰው ነው። ከረባቱን ገና አልተወም፤ የሚያብረቀርቀው ጫማው ግን የመድረኩን አቧራ ለምዷል።

ዘመኗን ሁሉ የእናት ገጸ ባሕርይ ስትጫወት የኖረችው አንጋፋዋ ተዋናይት መጀመሪያ ስታየው "ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራልን ነው?" ብላ ነበር። መድረኩ ላይ ለልምምድ የተተከለ አንድ በር አለ። ግራና ቀኙ ባዶ ስለሆነ ሁሉም በጎኑ ያልፋል። እሱ ግን ሊያናግራቸው በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ ቆሞ ያንኳኳል፤ "ይግቡ" ካላሉት ንቅንቅ አይልም። ተዋንያኑ በሳቅ ይፈርሳሉ።

"ኧረ ጌታዬ፣ በጎን በኩል ይለፉ እንጂ!" አለችው አንድ ቀን።

"ኩባንያው እያለሁ የኔን በር ነበር ሰው የሚያንኳኳው" አላት አንገቱን ደፍቶ። "እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔን ለማየት ቀጠሮ ትይዝ ነበር።"



በማግስቱ አሮጌው ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቃለ ተውኔቷን ስታጠና በሩ ተንኳኳ።

"ክፍት ነው፤ ግባ ልጄ" አለች፣ ለመድረክ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ። "ምነው ቆየህብኝ?"

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ሰውየው በሩን ከፈተና እጀታውን እንደያዘ ለአፍታ አያት። ከዚያ ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋውና እንደገና አንኳኳ።