ጭላዳው ግድግዳ ላይ በወጣ ቀን

ልጄ የጭላዳውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አወጣችው። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሬው የተበተነ፣ ገብሳችንን የሚጨርሰው ያው ጭላዳ። ከፊት ወንበር ደግሞ የነፍስ አባታችን ተቀምጠዋል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ለእረፍት መጥታ፣ እዚሁ ላሊበላ በተማሪ ቤቱ አዳራሽ ውበት ከየት እንደ መጣ ትናገራለች ሲሉኝ፣ ስለ ሹሩባና ስለ ጥልፍ መስሎኝ አባን የጠራኋቸው እኔው ነኝ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች ጎረቤቴ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ልትለን ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!» አልኳት። የፈራሁት ግን እሱኑ ነበር። አባ ተቆጥተው መስቀላቸውን ከከለከሉን፣ ቤታችንን ጠበል የሚረጭ፣ ስንሞት የሚፈታን ማን አለ?

ልጄ አልቸኮለችም። ጭላዳውን እንደ ተሰቀለ ትታ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እስቲ እናቶቼ፣ ባላችሁን መጀመሪያ ስታዩት ምኑ ደስ አላችሁ?»

«ጥርሱ!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ውሸቷን ነው፣ በሬዎቹ ናቸው!» አለች ሌላዋ። አዳራሹ አውካካ።

የሳቀ ሰው ለጠብ ቶሎ አይነሳም፤ እሷም ይህን ታውቃለች መሰለኝ። ሳቁ ሲበርድ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሕዝቡም እንዳያመልጠው ጸጥ አለ። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት፣ አለች፣ ደረቱ የደመቀው ወንድ ጭላዳ ብርቱው ነው። ሴቷም እሱን ትመርጣለች፤ ልጆቹም አባታቸውን ይመስላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ውበት ከዘር ዘር እየተላለፈ መጣ።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ እግዜር የፈጠረውን ውበት ለጭላዳ ሰጠሽው?»

ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «አባቴ፣ አንቱ ገብስ ለዘር ሲመርጡ የትኛውን ዛላ ይወስዳሉ?»

«ያማረውን ነዋ፣ የሞላውን።»

«ለምን?»

«የከሳውን ዘርቼ ምን ላጭድ?»

«እንግዲህ ሴቷ ጭላዳም እንደ አንቱ ናት።»

ወየው ልጄን! አባ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«አየ ተንኮለኛ! ገብሴን መብላቷ አንሶ፣ ዓይኗም እንደ ዓይኔ ነው አልሽኝ! በይ ቀጥዪ፣ ይህን መንገድ የዘረጋውን አምላክ ግን እንዳትረሺብኝ።»

ሲያበቃ በሩ ላይ ደረስንባቸው። ልጄ አንገቷን ደፋች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጃቸውን እጃቸውን አያለሁ። መስቀሉ ከካባቸው ሥር ወጣ። ግንባሯን ነካ፣ ከንፈሯን ነካ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ሁሉን አልተቀበልኩላትም» አሉኝ። «ቅዳሜ ጠበል ልረጭ ስመጣ ግን ቤት ትቆየኝ፤ የምጠይቃት አለኝ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ልጄ ክንዴን ያዘች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር» አልኳት። «አሁን ደኅና ነን።»