ማናልበሽ የሰፋችው የሞተር ማንሻ

ማናልበሽ ሮቤ ውስጥ ሸራ ሰፊ ናት። የጭነት መኪና ሸራ ሲቀደድ፣ የዕድር ድንኳን ሲተረተር ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ባሏ ሙለታ ደግሞ በሞተር ሳይክል ሰው ያመላልስ ነበር። መኪና የማይደፍረውን የሲናናን የገጠር መንገድ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል ይባልለት ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዘይነዲን የሚባል የገብስ ነጋዴ ከኋላው አፈናጥጦ ሙለታ ሲመለስ ዝናብ ያዛቸው። የሲናና ዋልካ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው። ሞተሩ ተንሸራቶ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ገባ። ዘይነዲን ተወርውሮ ሣር ላይ ስለወደቀ ክፉ አላገኘውም። ሙለታ ግን ቦዩ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ሞተሩ ከወገቡ በታች ተጭኖት ቀረ።

ዘይነዲን ሊያነሳለት ታገለ። መሪውን ሲይዝ ዞረበት፤ የኋላውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ሲጎትት ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ፤ ጎማው ጭቃ ስለሆነ ያሟልጫል። በመጨረሻ የጋለውን የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበ። የመዳፉ ቆዳ ብረቱ ላይ ተላጠ እንጂ ሞተሩ አልተነቃነቀም። በዚህ መሀል ከላይኛው ማሳ ጎርፍ ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ። ዘይነዲን "ያ ነማ፣ ነ ቢርመዳ! ድረሱልኝ!" እያለ ወደ መንደሩ ሮጠ። ሰው ይዞ ሲመለስ ውሃው የሙለታን ፊት ሸፍኖታል።

ዘይነዲን እጆቹን በፋሻ ጠቅልሎ ለቅሶ መጣ። ማናልበሽ ሌላው ሰው "እግዜር ያጥናሽ" ሲላት "አሜን" ትላለች፤ እሱ ሲላት ፊቷን አዞረች። በሕይወት መቆሙ ራሱ እንደ ስድብ ሆነባት። ከተዝካሩ በኋላም ገበያ ውስጥ ካየችው መንገድ ትቀይር ነበር።

ጥር ላይ ግቢዋ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ኋላ መፈናጠጥ ስላስጠላው የራሱን ሞተር ገዝቷል። እየገፋ አስገባው፤ ክንዱ ሥር የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ይዟል።

"ማናልበሽ፣ ማንሻና መጎተቻ ስፊለት" አላት። "ሰው የሚይዘው ነገር ይኑረው።"

"ሮቤ ውስጥ ሌላ ሰፊ ጠፋ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ?"

"ሌላው ለምን እንደሆነ አያውቅም። ዝም ብሎ ነው የሚሰፋው።"

ውጣልኝ ልትለው አፏን ስትከፍት ዓይኗ እጆቹ ላይ አረፈ። ጠባሳው ጣቶቹን ቆልምሟቸዋል። ቀበቶውን ተቀበለችው።

ለክታ ቆረጠች። ጫፉ እንዳይተረተር በእሳት አተመችው፤ ደራርባ በናይለን ክርና በወስፌ ሰፋችው። አንዱን ቀበቶ ከኮርቻው ሥር አሳልፋ ከሞተሩ አጥንት፣ ከቴላዮው ብረት ጋር አጠበቀችና በግራም በቀኝም እጅ የሚያስገባ ማንጠልጠያ አወጣችለት። ሌላውን ለመጎተቻ ከፊት ሹካው ጋር አሰረችው። እንዳይጠላለፍ መሪውን ወዲያ ወዲህ እያዞረች አየች። ወደ ማርሚታው የሚቀርበውን ደግሞ እንዳይቀልጥ መልሳ አሳጠረችው። ፓራፋንጎውን አልነካችውም።

"አጋድመው" አለችው።

ሞተሩን ግቢው ላይ በጎኑ አስተኛው። ማናልበሽ ቀጭን ሴት ናት። ማንጠልጠያውን ጨብጣ፣ ጉልበቷን አጥፋ ቀና አለች። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ሰው ከሥሩ ተስቦ የሚወጣበትን ያህል ግን ከመሬት ተላቀቀ። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ይዛው ቆየች።

"በቃ፣ እሱን ለማትረፍ የጎደለው ይቺን ታህል ነበር?" አለች።



ሞተሩን ለቀቀችውና መሬት ላይ ቁጭ አለች። በቀብሩ ቀን ያልወጣላት ጩኸት ያኔ ወጣ። ጎረቤቶቿ ሌላ መርዶ የመጣ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ። ሲበርድላት እስከዚያ ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀችው።

"ሰው ልትጠራ ስትሄድ ምን አለህ?"

"'ቶሎ በል፣ በርዶኛል' አለኝ። ወላሂ፣ ሌላ አልተናገረም።"

ከዚያ በኋላ ወሬው ተዳረሰ። ከብት የሚከትቡ ሠራተኞች፣ ወደ ብድሬ የሚወርዱ የከብት ነጋዴዎች፣ ከጎባ የሚመጡ ሞተረኞች ሁሉ እሷ ጋ ማንሻ ያሰፋሉ። "ብቻህን ነው የምትሄደው?" ትላለች። አዎ ካላት፣ "እንግዲያ የሚያነሳልህ ከሌለ ይኼ ምን ያደርግልሃል?" ብላ ትሰፋለታለች። ምስጋና አትወድም።

የሙለታን ሞተር ታናሽ ወንድሙ ቱሉ ወስዶ አስጠግኖታል። በዚያው በሲናና መንገድ ሰው ያመላልስበታል። ማንሻ ልስፋልህ ስትለው፣ "ሟርተኛ አትሁኚ፣ መውደቂያዬን ከአሁኑ ታዘጋጂልኛለሽ?" አላት። ሦስት ልጆች አሉት። ባገኘችው ቁጥር ትለምነዋለች፤ እሱ ይስቅና ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።