ምች ነው ያልኩት ጠጠር

ያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ግን ዳማ ነው። ባለቤቴ ብርቄ ለለቅሶ ሞጆ ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ «ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽንትህን አውጣ፤ ደግሞ እንዳትረሳ» ብላኝ ነበር። ከዓመታት በፊት የምነዳው ተሳቢ ተገልብጦ አከርካሪዬ ደረቴ አካባቢ ተጎድቷል። ከዚያ በታች አልንቀሳቀስም፤ አይሰማኝምም። ፊኛዬ መሙላቱን ስለማይነግረኝ በየአራት ሰዓቱ ካቴተር በሚባለው ቀጭን ቱቦ ሽንቴን ራሴ አወጣለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ዳማ ይዣለሁ። ደግሞም እያሸነፍኩ ነበር። ስንት ጊዜ አሸንፌ አውቃለሁና ነው ጥዬ የምነሳው?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ስመለስ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ፊቴ ጋለ። ከደረቴ በላይ ላብ አጠመቀኝ። እግሬን ስዳስሰው ግን ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥሩ በኩል አየችኝ።

«አካም! ምን ሆነህ ነው? ፊትህ በርበሬ መስሏል።»

«ፀሐይ ላይ ውዬ ምች መታኝ መሰል።»

«ዳማከሴዬ አጥሩ ሥር ያውልህ፣ ቅጠፍ» ብላኝ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ቅጠፍ አለች እንጂ ንቀል አላለችም። ከዊልቸሬ ሆኜ ቅርንጫፉን ብስበው ከነሥሩ መጣ። ቅጠሉን ላጥኩና ግንዱን እንደ ነበረ አፈሩ ውስጥ ሰካሁት። ዳማ ያመጣብኝን ዳማከሴ ይመልሰዋል ብዬ ጨምቄ ጠጣሁ፤ ግንባሬን አሸሁ፤ ጋቢ ተከናንቤ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ከሞኝነቶቼ ሁሉ የከፋው ይኸኛው መጋደም ነበር።

ባሰብኝ። ዓይኔ ብዥ አለ። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ብርቄ ከለቅሶው ተመልሳ ገባች።

«ሽንትህን አወጣህ?»

«አዎ።»

ዋሸሁ። ጋቢውን ገለጠችው። ሆዴ ተነፍቷል። ወዲያው ባጃጅ ጠራች።

ድንገተኛ ክፍል ገባን። የደም ግፊቴ የወትሮው ዘጠና በስልሳ ነው። ያን ቀን መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆነ። ቀጥ አድርገው አስቀመጡኝ። ቀበቶዬን ፈቱ። ካቴተር አስገቡ። የወጣው ሽንት ደምና አሸዋ የመሰለ ነገር ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ ራሴ ቀለል አለኝ።

ወጣቷ ሐኪም የበሽታውን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ። «አባባ፣ ምች አይደለም። ከጉዳቱ በታች አንድ ነገር ሲያስጨንቀው ሰውነትዎ ግፊቱን ሽቅብ ይለቀዋል። ትንሽ ቢዘገዩ ጭንቅላትዎ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር» አለችኝ። ፊኛዬ ባዶ ሆኖም ግፊቱ ልክ ስላልገባላት አልትራሳውንድ አነሳችኝ። ፊኛዬ ውስጥ የእርግብ እንቁላል የሚያህል ጠጠር ተቀምጧል።

«ጠጠር ቢሆንማ ያመኝ ነበር» ብዬ ተከራከርኩ።

«አሞዎታል እኮ። ሕመሙ በታች በኩል መንገድ ቢያጣ በራስዎ መጣ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሳመላልስ ያላስመዘገብኩት ጭነት ተገኝቶብኝ አያውቅም፤ በስተርጅና በገዛ ፊኛዬ ኮንትሮባንድ ተያዝኩ። ምልክቱ ለወራት ነበረ። ሽንቴ ይደፈርስ ነበር፤ የቱቦው ጫፍ ላይ አሸዋ እያየሁ በአዳማ ውሃ አሳብብ ነበር። ዳማው እንዳይቋረጥብኝ ውሃ መጠጣትም ቀንሼ ነበር።

ጠጠሩን በሽንት ቧንቧዬ በሚገባ መሣሪያ ሰባብረው ሊያወጡልኝ ቀጠሮ ያዙ። «ማደንዘዣውን ለሚሰማው ሰው አቆዩት» ብዬ ቀለድኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም። «እርስዎ ባይሰማዎትም ሰውነትዎ ይሰማዋል፤ ያለ ማደንዘዣ ብንነካዎት ግፊቱ መልሶ ይነሳል» አለች። ተኛሁ፤ ነቃሁ፤ ጠጠሩን በብልቃጥ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃዬን በሐኪሟ ልክ እየጠጣሁ፣ ስልኬ በየአራት ሰዓቱ እየጮኸ፣ የዳማ ጓደኞቼም «ተነስ፣ ወደቡ ይጠራሃል» እያሉ እያባረሩኝ፣ ሽንቴም ራሴም ጠርቶ እኖራለሁ።

እንደ እኔ አከርካሪያችሁ ደረት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ፣ ድንገት ራሳችሁን ቢወቅራችሁና ላብ ቢያጠምቃችሁ አትጋደሙ። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፤ የጠበቀ ልብስ አላሉ፤ ፊኛችሁን ባዶ አድርጉ፤ ካልተሻላችሁ በፍጥነት ሐኪም ቤት ሂዱ። የወትሮ ግፊታችሁን ቁጥርም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ለሌላው ደህና የሆነ ቁጥር ለእኛ አደጋ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሟና ለነርሶቹ ምስጋናዬ አያልቅም። የብርቄን ውለታ ግን በቃል አልችለውም፤ ያቺን አንዲት «አዎ» ውሸት እንደ ነበረች ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ጋቢውን ስገልጥ ነው ያወቅሁት» ነው ያለችኝ።

የቀረኝ አዴ ጫልቱ ናት። ዳማከሴዋ በሦስተኛው ቀን ደረቀ፤ እሷም የማዶ ጎረቤት ፍየል ናት የረገጠችው ብላ ቆረጠች። ብርቄ ከአቦምሳ ያመጣችልኝን ችግኝ በጣሳ ተክያለሁ፤ አራት ቅጠል አውጥቷል። እስካስረክባትና እውነቱን እስክነግራት ድረስ፣ ያቺ ምስኪን ፍየል በአጥሩ ባለፈች ቁጥር በእኔ ጥፋት ድንጋይ ይወረወርባታል።