የሌለ እሾህ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ናሆም ጣቶቹን እያከከ ከትምህርት ቤት መጣ። ሰባት ዓመቱ ነው። በጣቶቹ መካከል፣ በእጁ አንጓና በብብቱ ሥር ደቃቅ ሽፍታ ወጥቶበታል። ሲተኛ እንደሚብስበት ሲነግረኝ ምንነቱን ሐኪም ሳላማክር አወቅሁት፤ የድሮ ትውውቅ አለን። ያም ሆኖ ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳየሁትና የታዘዘልንን ልገዛ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ገባሁ።

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። ቅባቱን በወረቀት ጠቅልላ እየሰጠችኝ፣ «አደይ፣ ልጁ ብቻ አይደለም የሚቀባው» አለችኝ፤ አደይ እዚህ እናቴ ማለት ነው። «የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የምትቀቡት። ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«በቃ፣ ይኼ ይበቃችኋል።»

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቼ ታክሲ መያዝ ሲገባኝ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ለዚሁ ጥያቄ «አሥራ አንድ» ብዬ የመለስኩበት ዘመን ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ መቀሌ ተመደብኩና ከደብረ ብርሃን አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዤ መጣሁ። እናቴ ስትሸኘኝ «ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ትጠይቂያለሽ» ብላኝ ነበር። ይኸው ጸጉሬ ሸበተ፤ ዝውውሩን እስካሁን አልጠየቅሁም።

የተከራየኋት ክፍል ከሮማናት ወረድ ብሎ፣ በድንጋይ አጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ ነበረች። የግቢው ባለቤት አደይ ምሕረት ገበያ ላይ ጥራጥሬ የሚሸጡ፣ ቁመታቸው ረጅም ንግግራቸው አጭር የሆነ እናት ነበሩ። ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በላይ ለተይ የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው። የእኔው እኩያ ናት። ከእኛ ሌላ አንድ ግንበኛ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር፣ እንዲሁም አውሮፕላን ማረፊያ በጥበቃነት የሚሠራ አንድ ወንደላጤ ይኖሩ ነበር። ያም ሁሉ ሰው የሚጠጣው ከአንድ እንስራ፣ የሚታጠበው ከአንድ በርሜል ነው።

ለተይ በረንዳው ላይ በተቀመጠ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ታጭታለች። እጮኛዋ ሑመራ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ሲሆን ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እሷ ግን ስለ ሠርጉ ብዙም አታወራም። የምታወራው ስለ አሸንዳ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶቹ ተሹርበው፣ ተኩለው፣ አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። ያገባች ሴት ቆማ ታያቸዋለች እንጂ እንደዚያ ሆና አትወጣም። ስለዚህ የዚያ ዓመት አሸንዳ ለለተይ የመጨረሻዋ ነበር። የሰው ዩኒፎርም ሰፍታ ስትጨርስ፣ ለዚያ ቀን የሚሆናትን ነጭ ቀሚስ ከፋሲካ ጀምሮ ስትጠልፍ ከርማለች።

እኔ ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ብዕር አያያዝ የሚቸግራቸውን ልጆች እጃቸውን በእጄ ይዤ አጽፋቸዋለሁ። ከእነሱ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጣቶቼ መካከል ይበላኝ ጀመር። መጀመሪያ ቁንጫ መሰለኝ፤ አልጋዬን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩት፣ ወለሉን በውሃ አጠብኩት። ቁንጫ ግን እንዲህ ጣት ለጣት እየመረጠ አይቀመጥም።

ሐምሌ ሲገባ በለስ መጣ። ዝናቡ ማለዳ ጥሎ ሲያባራ የገጠር ሴቶች በቅርጫት ሞልተው መንገድ ዳር ይደረደራሉ፤ ጫፍና ጫፉን በቢላ ቆርጠው፣ ወገቡን ሰንጥቀው፣ ልጣጩን ገለጥ ሲያደርጉልህ ቀዝቃዛውን ፍሬ በሁለት ጣትህ ላፍ ታደርጋለህ። ዘዴውን የማያውቅ እንግዳ ግን ቆዳውን በባዶ እጁ ይጨብጥና እንደ ብናኝ የደቀቀው እሾህ ገብቶበት ሁለት ቀን ሲያክ ይሰነብታል። እኔም በመጀመሪያው ወር ይኸው ደርሶብኝ ግቢው በሙሉ ስቆብኛል።

አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ስናወጋ ለተይ እጄን አየችው።

«መምህር፣ እንታይ ኴንኪ? እጅሽ ምን ሆነ?»

«በለስ ወግቶኝ ነው» አልኳት።

ውሸቱ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እከክ ያኔ የቆሻሻ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ መምህር ነኝ፤ በዚያ ላይ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ። «ይዛብን መጣች» ብለው የሚያስወጡኝ መሰለኝ። ለተይ ወረንጦዋን ከስፌት ሣጥኗ አወጣች፤ እጄን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ እሾህ ትፈልግ ጀመር። በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም። ሥራዋን ስታበቃ «አምጪ እስቲ» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ሕፃን እጄን እዘረጋለሁ። ለምን አልሰበሰብኩትም? ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ እጄን የያዘልኝ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ማሳከኩ ሲብስብኝ ለማንም ሳልናገር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ገና ጣቶቼን ገለጥ አድርጎ እንዳየ «እከክ ነው» አለ። ከዚያ ቤት ውስጥ ስንት እንደሆንን ጠየቀኝ።

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው አሥራ አንዳችሁም በአንድ ቀን፣ ከአንገት በታች፣ አንድ ቦታ ሳይቀር ትቀባላችሁ። እጃችሁን ከታጠባችሁ እንደገና ትቀቡታላችሁ። ልብስና አንሶላውን በፈላ ውሃ፤ የማይቀቀለውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሳምንት አቆዩት። በሳምንቱ ቅባቱ ይደገማል። እንዲህ ካላደረጋችሁ ካንዱ ወዳንዱ እየተመላለሰ አብሯችሁ ይኖራል።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዤ ወጣሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በዚያው ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹን ሦስት ጊዜ አስነብቤያቸዋለሁ። ክፍሌን ዘግቼ ለብቻዬ ተቀባሁ። ጀርባዬ መሃል እጄ አልደረሰም፤ ተውኩት። ጥቂት ቀን ተሻለኝ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ እኔም እጄን ለለተይ መዘርጋቴን አልተውኩም ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ለተይ ማከክ ጀመረች። ቀጥሎ ታናናሾቿ፣ ከዚያ የግንበኛው ልጆች። እሷም ስትጠየቅ «በለስ ነው» ትላለች፤ እነሱም «በለስ ነው» ይላሉ። በዚያ ክረምት በግቢያችን በለስ ያልወጋው ሰው ጠፋ።

አሸንዳ አራት ቀን ሲቀረው፣ በጾሙ መጨረሻ፣ አደይ ምሕረት ከጓዳ የላምባ ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ላምባ የሚሉት ነጭ ጋዙን ነው። ለተይ እጅጌዋን ሰብስባ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ክንዷ በጥፍር ተቧጭሮ ቀልቷል፤ አንዳንዱ ቦታ ደም አርግዟል። በዚያ በተላጠ ቆዳ ላይ ጋዝ ሊያሹበት ነው። የእሳቱ ምድጃም ሁለት ክንድ ያህል ነው የሚርቀው።

«አደይ፣ ይቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «እሾህ አይደለም፤ እከክ ነው። ከእኔ ነው የተጋባባት።»

ቆርቆሮውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐምሌ ላይ።»

«መድኃኒት አለው?»

«አለው። ግን ሁላችንም በአንድ ቀን ካልተቀባን አይሆንም።»

«እና ይኼን ሁሉ ቀን ምን ትጠብቂ ነበር፣ ጓለይ?»

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። በሌላ ጊዜ ብሰማው ደስ የሚያሰኘኝ ቃል ያን ቀን ከጥፊ ይልቅ አመመኝ። ለተይ እጅጌዋን አውርዳ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ተሸክሜ መጣሁ። ግቢው ውስጥ በርሜል ሙሉ ውሃ ተጣደ፤ አንሶላው፣ ቀሚሱ፣ ሱሪው ሁሉ እየተነከረ ይወጣል። ወንዶቹ ግንበኛው ክፍል ገብተው ይቀባባሉ፤ ጥበቃው «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም!» እያለ ሲያስቃቸው ድምፁ እስከ እኛ ይሰማል። ግቢው ያን የሚያፍን የመድኃኒት ሽታ ሸተተ። የዛሬው ቅባት ሽታ እንኳ የለውም። ሴቶቹ አደይ ምሕረት ቤት ገባን። እሳቸው ከግንበኛው ሚስት ጋር ተጣመሩና ለተይና እኔ ቀረን።

መጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ከትከሻዋ ጀምሬ ቀባኋት። ፊቷን ሳታዞር፣ «እሾህ እንዳልነበረ አውቅ ነበር» አለችኝ።

እጄ ቆመ።

«በለስ በልቼ ነው ያደግሁት፣ እሾህ አልለይም እንዴ? እከክ መሆኑን አላወቅሁም እንጂ እሾህ እንደሌለ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ በየቀኑ ወረንጦ ይዘሽ ምን ትሠሪ ነበር?»

«እጅሽን ስይዘው ፊትሽ ይፈታ ነበር። አገሯ ናፍቋት ነው ብዬ ነዋ።» ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ፣ «ትንሽ ወደ ግራ። እዚያ ጋ አልደረስሽም» አለችኝ።

የአሸንዳ ዕለት፣ በሳምንቱ የሚደገመው ቅባት ገና ቢቀረንም፣ በሽታው መጋባቱን አቁሞ ነበር፤ ማሳከኩና ጠባሳው ግን ገና ሳምንታት ይቆያል። ለተይ ተሹርባ፣ ያን የለፋችበትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሣሩን አስራ ወጣች። ጓደኞቿ ከበር ሆነው እየዘፈኑ ይጠሯታል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ከበሩ ስትደርስ ጣቶቿን አየቻቸው፤ ቅርፊቱ አልረገፈም። «ከእንግዲህ አይጋባም፣ ድሬሰሩ ነግሮኛል፣ በማርያም ይዤሻለሁ ውጪ» ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ለጓደኞቿ አሞኛል ብላ መለሰቻቸው። ወደ በረንዳው ተመልሳ፣ ቀሚሷን እንደለበሰች ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች።

«ለከርሞ እወጣለሁ» አለችኝ።

ለከርሞ ባለትዳር እንደምትሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ከበሮው ቀኑን ሙሉ ከየመንደሩ ሲሰማ ዋለ፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ የተቆረጠ ጨርቅ ሳቀብላት ዋልኩ።

በጥር ተዳረች፤ ሑመራ ሄደች። ወለደች፣ ዓመት በዓል ሲሆን እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር፤ ስትመጣ ሁልጊዜ የምትስመኝ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነው። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣና ስልኩ ተቋረጠ። ስልኩ ሲመለስ የእሷ አልመለስ አለ። ከዚያ ወገን ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ያሉበት ሁሉ እየሄድኩ ጠይቄያለሁ። አንዷ ወደ ሱዳን ስትሻገር አይቻታለሁ አለችኝ፤ ሌላዋ የለም፣ እሷ አይደለችም አለች። አደይ ምሕረት ይህን ሳያዩ በማረፋቸው እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ። ግቢው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል።

ብትመጣ ይቅርታ አልጠይቃትም። ይቅርታውን ድሮ ጠይቄያት ድሮ ይቅር ብላኛለች። ያን የከበሮ ቀን የምመልስበት መንገድ እንደሌለ አውቃለሁ። የምፈልገው እጄን ጭኗ ላይ አስቀምጬ አንድ ከሰዓት ዝም ብዬ መቀመጥ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ያን ዕለት ከእራት በፊት ናሆምን ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥፍር ቀባሁት። እየተኮረኮረ ሳቀ። የእኔ ተራ ሲደርስ ክንዴንና እግሬን ራሴ ተቀባሁና ለጀርባዬ እሱን ጠራሁት። ትንንሽ እጆቹ ትከሻዬ ላይ ሲያርፉ እንባዬ መጣ፤ ልደብቀው ጎንበስ አልኩ።

«ዓባየ፣ መድኃኒቱ አቃጠለሽ?»

አዎ ልለው ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል።

«አላቃጠለኝም፣ የኔ ልጅ። ሰው ናፍቆኝ ነው።»

«ማን?»

ልብሴን ትከሻዬ ላይ መለስኩ፤ ከጎኔ አስቀመጥኩትና ስሟን ነገርኩት።