የእህቴ የጉዞ ፎርም

ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ አፌ ገና አልለመደውም። በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሯን ስለጎዳው በእግር ብረትና በክራንች ትሄድ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባን በኋላ ትከሻዋ ክራንቹን መሸከም አቃተውና ዊልቸር ላይ ተቀመጠች። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። እህቴ ግን፣ "እስከ ዛሬ ቆሜ ምን አተረፍኩ?" ብላ ሳቀችባት። በሳምንቱ ከሰፈራችን ከማርልቦሮ ብቻዋን በባቡር ዳውንታውን ሄዳ ተመለሰች። ሥራ ያገኘችውም በዚያው ዓመት ነው፤ የአንድ ክሊኒክ ስልክ ታነሳ ነበር።

ወደ ካናዳ የመጣነው በሮም በኩል ነው። ቪዛ ስንጠብቅ ስምንት ወር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ይዘን ኖርን። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከተማውን በእግሬ ዞሬ ጨረስኩት። እሷን በሳምንት አንዴ፣ እሑድ፣ ሁለት ወንዶች ተሸክመው ያወርዷትና ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። የቀረውን ቀን መስኮት ላይ ነበረች። ከመስኮቱ የሚታየው ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ ማስጫ ነው። "ስምንት ወር ሮም ኖሬ ያየሁት የጎረቤት ካልሲ ነው" ትል ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ሃይስኩል በጨረስኩ በዓመቱ፣ አንድ ብሮሹር ይዛ መጣች። አስጎብኚ ያለው የአውቶቡስ ጉዞ ነው፤ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ፓሪስ። ነሐሴ ላይ ነው። እኔን አጃቢ አድርጋ ሁለታችንም ልንሄድ ወሰነች። ሜትር አውጥታ የዊልቸሩን ስፋት ለካች። ጥያቄዎቿንም በወረቀት ጻፈች። አውቶቡሱ ስንት ደረጃ አለው? የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት በር ስፋቱ ስንት ነው? ወንበሬ የት ይጫናል? ሰዉ በእግሩ ሲዞር እኔስ አብሬ እዞራለሁ ወይስ እጠብቃለሁ? የጉዞ ወኪሉ ቢሮ እሷ ከሥራ ስትወጣ ይዘጋል። የእኔ የሥራ ሺፍት ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ጠዋት ሄጄ ይህን እንድጠይቅና ፎርሙን እንድሞላ ላከችኝ። "እዚህ የተማርከው አንተ ነህ፤ ጽሑፍህም ከኔ ይሻላል" አለችኝ።

የጉዞ ቢሮው ሴትዮ ደግ ነበረች። ከሁለታችሁ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። የእህቴ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ፎርሙ ላይ ተጓዡ ያለ ሰው እርዳታ አውቶቡስ ላይ መውጣትና ረጅም መንገድ መራመድ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእሷ።

ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው። ሮም ሳለን፣ ለካናዳ የጤና ምርመራ ስንሄድ፣ ሰው ሁሉ የሚመክረን አንድ ነገር ነበር፤ በሽታ አትናገሩ። እናቴ እህቴን ብረቱን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ አልብሳ ከሐኪሙ ጠረጴዛ አጠገብ አቆመቻት። ክራንቹን እኔ ከበሩ ውጭ ይዤ ቆምኩ። በቅርቡ ወድቃ ትንሽ ተጎድታ ነው ተባለ። ሐኪሙ ሳያይ ይሁን አይቶ ይለፈው አላውቅም፣ አለፍን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ፎርም ላይ ሁላችንም ጤነኛ ነን። የእናቴ ደም ግፊት እንኳ በአንድም የሥራ ማመልከቻ ላይ ተጽፎ አያውቅም። እኔም እንደዚያው ሞላሁት። አንዴ ሮም ከደረስን ማን ይመልሰናል፣ እኔ እሸከማታለሁ ብዬ።

ማታ ከሥራ ስትመለስ ጠየቀችኝ። አውቶቡሱ ስንት ደረጃ አለው አሉህ?

"ሦስት" አልኳት። ዝም ብሎ ከአፌ የወጣ ቁጥር ነው። በሩስ ስትለኝ፣ ይበቃል አሉ አልኳት። አመነችኝ።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ የሕንፃችን የኋላ ደረጃ ላይ መለማመድ ጀመረች። ከዊልቸሩ ወርዳ ደረጃው ላይ ትቀመጥና በእጆቿ እየተገፋች፣ ፊቷን ወደ እኔ እንዳደረገች፣ ወደ ኋላ ትወጣለች። ሦስት ወጥታ ሦስት ትወርዳለች። የሱሪዋ መቀመጫ እስኪቀደድ ድረስ። ላግዝሽ ስላት፣ "አንተ ሰዓትህን ያዝ። ሠላሳ ፈረንጅ ፊት እንደ ድንች ጆንያ ልትሸከመኝ ነው?" አለችኝ። ሰዓት ያዝኩላት። በአራተኛው ቅዳሜ ከሁለት ደቂቃ በታች ወጣችና እማዬን ጥራት፣ ትይልኝ አለች። ጠራኋት። ሦስታችንም እዚያ ነበርን፤ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ሰዓቱን ለእናቴ አሳየኋት።

ከጉዞው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ተጓዦቹን ሁሉ ዳውንታውን ለስብሰባ ጠሩ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። እህቴ አዲስ ጃኬት ለብሳ፣ ሰላም እያለች ገባች። አስጎብኚው ወጣት ሰው ነበር። እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ወደ ጥግ ወሰደንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፎርሙን አሳያት። የእኔን ጽሑፍ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ብዙም አልቆየችም። ወደ ሰውየው ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "የኔ ስህተት ነው፤ ጥያቄውን በደንብ ሳላነበው ነው የሞላሁት" አለችው።

ሰውየው አልተቆጣም። አውቶቡሱ አምስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎች አሉት፣ ሁለቱ ሆቴሎች ሊፍት የላቸውም፣ ስለዚህ ሊወስዳት እንደማይችል አስረዳት። ከዚያ የነገረንን ባይነግረን ይሻለኝ ነበር። ዊልቸር የሚያነሳ አውቶቡስ ያለው ሌላ ጉዞ መስከረም ላይ ነበራቸው፤ የሞላው በቅርቡ ነው። መጀመሪያውኑ ብናሳውቃቸው ኖሮ እዚያ ያስገቧት ነበር። ቀጣዩ የሚነሳው በሚመጣው ግንቦት ነው። አዲስ ፎርም ሰጣት፤ አመስግና ተቀበለችው።

በባቡሩ ውስጥ ስንመለስ፣ "ሮም ላይ ስታቆሙኝ አገር ለማግኘት ነበር" አለችኝ። "አንተ አሁን ምን ለማግኘት ነው?"

"እንዳይከለክሉሽ ብዬ ነው።"

"እሱን ተወው።"

ማርልቦሮ ስንደርስ ወንበሯን ራሷ ገፍታ ወረደች።

መልሱን አውቀው ነበር። ለዚያች ደግ ሴትዮ እህቴ ዊልቸር ላይ ናት ማለት አፍሬ ነው። ሌላ ምንም የለውም። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እህት እንዳለችኝ ያውቃሉ፤ እንደማትራመድ አያውቁም ነበር። ባቡር ጣቢያ ላይ የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ እጄን ከዊልቸሩ እጀታ አንስቼ ኪሴ እከታለሁ። የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። ከኋላዋ የሚገፋት እጅ ሲለቃት እንዴት አታውቅም?

አዲሱን ፎርም ራሷ ሞላችው፤ የምትችለውንም የማትችለውንም፣ አንድ ሳትደብቅ። የመጨረሻው ገጽ የአጃቢው ነው። ከወንበር ወደ አልጋ እንዴት እንደሚያሳልፋት፣ እሷ እንዴት መታገዝ እንደምትመርጥ ይጠይቃል። "ያንተን አንተ ሙላ" ብላ ሰጠችኝ። ለመሙላት አጠገቧ ተቀምጬ እሷኑ መጠየቅ ነበረብኝ። አጠገቧ ከተቀመጥኩ ደግሞ የባቡሩ ጥያቄ ይመጣል። ነገ እያልኩ በረዶ ወረደ። ሁለቴ አስታወሰችኝ፤ ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ጥር ላይ ጉንፋን ያዛት፣ ሳንባዋ ገባ፣ በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ገጹን አልሞላሁትም ነበር።

ለለቅሶ ቤታችን በሰው ሞላ። ስለ ጉዞው ብዙ ሰው ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ምን ሆኖ እንደቀረ እናቴን ጠየቋት። "ከለከሏት እኮ" አለች እናቴ። "ወንበር ላይ ያለ ሰው አንወስድም አሏት።" ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሽማግሌው፣ "ኤዲያ! ሠለጠንን ይላሉ ደግሞ" አሉ። በማግሥቱም ለመጡት እንዲሁ አለች። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ አልከለከሏትም" አልኳቸው ሽማግሌውን። "እኔ ነኝ ያስቀረኋት።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "አይዞህ ልጄ፤ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርህ።" ስለ ፎርሙ መናገር ስጀምር አንዲት ሴት በቃ፣ በቃ፣ ውሃ ስጡት አለች። የጠየቀኝ የለም። ውሃውን ጠጥቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስላላመኑኝ ቀለለኝ። ይህም ያሳፍረኛል።

ሰው ቀለል ሲል እናቴን ማድ ቤት ተከትዬ ገባሁ። ብርጭቆ ታጥብ ነበር። እንደዚያ እኮ አላሉም፣ ለምን እንዲህ ትያለሽ አልኳት። ከብርጭቆው ላይ ቀና አላለችም።

"አውቃለሁ። የዚያኑ ቀን ነግራኛለች" አለችኝ። "ሰው ከጠየቀሽ ከለከሏት በይ፣ ልጁ ያፍራል አለችኝ።"

ፎጣውን አንስቼ ያጠበችውን ማድረቅ ጀመርኩ። ብዙ ብርጭቆ ነበር።

በማግሥቱ ከኤድመንተን ዘመዶች መጡ። ካለቀሱ በኋላ ከመካከላቸው አንዷ፣ ያ የአውሮፓ ጉዞስ እንዴት ሆነ፣ ሳትሄድ ቀረች እንዴ ብላ ጠየቀች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ አየች። ነገርኳቸው፤ እስክጨርስም ውሃ አልተቀበልኩም።